ሻጋታ ያስቀነሱት እትዬ ጠይባ

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ዋጋ ሲጠሩለት የሚከፍልና ዋጋ ሲጠሩለት የሚስቅ። የሚስቀውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜ ነጋዴ ናት፤ ሁልጊዜ ደግሞ ትክክል ናት። ሻጩ የጠራውን ዋጋ እንደ ጥሩ ቀልድ ትስቅለትና፣ ስቃ ስትጨርስ፣ «በል አሁን የመጨረሻውን ንገረኝ» ትለዋለች። ሻጩ የመጨረሻውን ሲነግራት እሱን እንደ መጀመሪያ ትቆጥረዋለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቁት አላህና የሻጩ ሚስት ብቻ ናቸው።

የነዚህ ሁሉ የበላይ ግን ያሉት መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ነው። ክብርት እትዬ ጠይባ ይባላሉ።

እትዬ ጠይባ ዛላ በርበሬ ከማረቆና ከአላባ እያስመጡ፣ አስቀንጥሰውና አስፈጭተው የሚሸጡ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው። ክርክራቸው በዕቃ ዋጋ ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስላችሁ። ታሪፉን በር ላይ ከለጠፈ ሚኒባስ ረዳት ጋር ይከራከራሉ። ሐኪም የአንድ ሳምንት መርፌ ሲያዝላቸው «በሦስት ቀን እንገላገለው» ብለው ጀምረው ሐኪሙን በክኒን አስማምተውት ወጥተዋል። በረንዳው ላይ እንደሚወራው ከሆነ፣ እሳቸው በዕድሜያቸው ያልተከራከሩት ከአዛን ሰዓት ጋር ብቻ ነው።

ደግሞ ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ልጁን የሚድር ጎረቤት ድንኳን ሊከራይ ሲሄድ እሳቸውን ይዞ ነው። የቤት ኪራይ የተጨመረባት አፍ የሌላት ሴት መጀመሪያ የምታንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ስለ ራሳቸው ሲከራከሩ ሳቅ አለበት፤ ስለ ሰው ሲከራከሩ ግን አይስቁም።

ሀብተ ወልድ ደግሞ ከመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የተጠራለትን ከሚከፍለው። ከተማው ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የምግብ ሳይንስ ያስተምራል። ዶክተር ነው፣ አርባ ዓመት አልፎታል፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ አንድም ነገር አስቀንሶ አያውቅም። አንድ ጊዜ መርካቶ ገብቶ ለጃኬት የተጠራለትን ቃል ሳይተነፍስ ቢከፍል፣ ሻጩ ብሩን እንደያዘ ትንሽ አየውና «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቆታል። በመሥሪያ ቤቱም ያው ነው። ማንም የማይፈልገው ክፍለ ጊዜ ሲመጣ ለእሱ ይሰጣል፤ እሺ ይላል። ቢሮ ሲጠብ የሚዛወረው እሱ ነው፤ እሺ ይላል።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኛቸው ሻጋታ ነው።

እትዬ ጠይባ በልጃቸው በአፍራ ግፊት የተፈጨ በርበሬ እያሸጉ ለአንድ ሱፐርማርኬት ማስረከብ ከጀመሩ ቆይተው ነበር። አፍራ አካውንቲንግ የተማረች፣ ከእናቷ ያነሰ የማትናገር፣ ነገር ግን ዝቅ ባለ ድምፅ የምትናገር ልጅ ናት። ሥራው ሰመረ፤ በርበሬ የሚቀነጥሱት ሴቶች በዙ፤ መጋዘኑ ጠበበ። ታዲያ በመሃል ሱፐርማርኬቱ ዕቃውን ቢያስመረምር አፍላቶክሲን የሚሉት የሻጋታ መርዝ ከሚፈቀደው እጥፍ በላይ ተገኘበትና ካርቶኑ በሙሉ ተመለሰ። እትዬ ጠይባ በስልክ ተከራከሩ፤ በአካል ሄደው ተከራከሩ። ሥራ አስኪያጁ እየተቅለሰለሰ እስከ በሩ ሸኛቸው እንጂ ንቅንቅ አላለም። መርዙ ከሚፈቀደው በታች እስኪሆን ድረስ አንድ ፓኮ አይገባም።

ቀንጣሾቹ ሴቶች ቤታቸው ተቀመጡ። ሲሠሩ በሳቅና በማስነጠስ ይናወጥ የነበረው መጋዘን ጸጥ አለ። እትዬ ጠይባ ጸጥታ አይወዱም፤ በጸጥታ መሃል ከማን ጋር ይከራከራሉ?

ክፍለ ከተማው ከዩኒቨርሲቲው ጋር «ትስስር» የሚባል ነገር መፈራረሙን አፍራ ሰማች። አስተማሪዎች ወደ አነስተኛ ነጋዴዎችና አምራቾች እየሄዱ ችግራቸውን አይተው እንዲረዱ ነው። እናቷን ሳትጠይቅ አስመዘገበቻቸው። በዩኒቨርሲቲው በኩል ስሞቹ ሲደለደሉ የመርካቶ በርበሬ ነጋዴ ለማን ይሰጥ ተባለ፤ ሁሉም ወደ ሀብተ ወልድ ዞሩ። እሺ አለ።

መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ሰላምታውንና ማስነጠሱን መለየት አልተቻለም። እትዬ ጠይባ እስኪጨርስ ታግሰው በርጩማ ሰጡትና ምን ሊሸጥላቸው እንደመጣ ጠየቁት። የሚሸጥ ነገር የለኝም፣ ናሙና ወስጄ እመረምራለሁ፣ ምክር እሰጣለሁ አላቸው። ዋጋው ስንት ነው አሉት። በነጻ ነው አላቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። ነጻ ነገር እሳቸው ዘንድ ክፉ ምልክት ነው፤ ዋጋ የሌለውን ነገር ምን ብለው ያስቀንሱታል? ትንሽ አሰቡና በሌላ በኩል መጡበት። በየስንት ጊዜው ነው የምትመጣው አሉት። በየሁለት ሳምንቱ ሲላቸው በየሳምንቱ ይሁን አሉ። እሺ አለ። እንዲህ በቀላሉ መሸነፉ አሳዘናቸው። ከሄደ በኋላ ለአፍራ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን መርካቶ ውስጥ አይበረክትም አሏት።

የመጀመሪያው ውጤት የደረሰ ቀን እትዬ ጠይባ ደህና ልብሳቸውን ለብሰው ራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዱ። ሀብተ ወልድ ላቦራቶሪው ውስጥ አስቀምጦ ቁጥሩን ነገራቸው። ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረጉ።

«በል ዶክተሬ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ።»

የመጨረሻው ነው አላቸው። መጀመሪያ የመሣሪያውን ዕድሜ ጠየቁ። ቀጥለው ናሙናው የተወሰደው ከግድግዳው ጥግ ካለው ጆንያ ስለሆነ ፍርዱ ልክ እንዳልሆነ አስረዱ። ከዚያ ሁለቱም ወገን የማይጎዳበት መካከለኛ ቁጥር አቀረቡ። መካከለኛው ቁጥር በእውነት ምክንያታዊ ነበር፤ ለጫማ ቢሆን ማንም ይስማማበታል። ሀብተ ወልድ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከአፉ ለመውጣት የተዘጋጀውን «እሺ» ዋጠው።

«እትዬ፣ ይሄ ሰው የሚበላው ነው። ቁጥሩን እኔ አልቀንስልዎትም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚቀንስልኝ?»

«በርበሬው። እርስዎ በርበሬውን ይለውጡት፣ ቁጥሩ ራሱ ይወርዳል።»

እትዬ ጠይባ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብለው አዩት። ድርድር ላይ አንጋፋ የሆነ ሰው እውነተኛ ባላጋራ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ከላቦራቶሪው ሲወጡ ለጥበቃው ሳይቀር ደህና ዋል ብለው ሄዱ።

ከዚያ ክርክሩ ወደ መጋዘኑ ተዛወረ። ሀብተ ወልድ ያየውን ሁሉ ነገራቸው። ጆንያው ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ ተቀምጧል፣ ግድግዳ ተደግፏል፣ አየር አያገኝም። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃው ነው። ዛላው ሲታሸግ እንዳይሰባበር ውሃ መርጨት የበረንዳው የዱሮ ልማድ ነው፤ በዚያውም ሚዛን ይጨምራል። ሻጋታ የሚጠብቀው ደግሞ ይህችኑ ውሃ ነው። እትዬ ጠይባ የእንጨት ርብራቡን ብዙ ሳይታገሉ ተቀበሉ። ውሃው ላይ ግን ያዙት። ውሃ ካልነካው ዛላው ይደቅቃል አሉ፤ አባታቸውም ይረጩ ነበር አሉ። በግማሹ እንርጨው አሉ። አይሆንም አላቸው። በሩቡ አሉ። አይሆንም አላቸው። ሦስት ሳምንት በዚህ ቆዩ። አራተኛው ላይ እትዬ ጠይባ፣ እሺ በዚህ በኩል ልተውልህ፣ አንተ ደግሞ በሌላ በኩል ተውልኝ አሉት። የሚተውላቸው ነገር ሲያጣ ሻይ ጋበዛቸውና በዚያ ተስማሙ።

ከቀንጣሾቹ መካከል ጥቂቶቹ ተመልሰው ተጠሩና ቀለሙን የለወጠውን፣ ውስጡ ግራጫ አቧራ ያለበትን ዛላ እየለዩ ማውጣት ጀመሩ። ሀብተ ወልድ ዛላ ሰንጥቆ ሲያሳያቸው ሴቶቹ ጠጋ ብለው አዩ። ያ ግራጫ ነገር ሁልጊዜም ያዩት ነበር፤ ስም እንዳለው ግን የነገራቸው አልነበረም።

የሚቀጥለው ናሙና ሲመረመር ቁጥሩ ወረደ። ገና ከሚፈቀደው በላይ ነው፤ ግን ወርዷል። እትዬ ጠይባ በስልክ ሰምተው አላመኑም፣ ደግመው አስነገሩት። ከዚያ የሆነ ነገር ገባቸው። ቁጥሩ ድንጋይ አይደለም። እንደማንኛውም ነጋዴ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን በአፍ አይደለም። በምን እንደሆነ ሀብተ ወልድ ያውቃል፤ እሳቸው ደግሞ ይዘው አለመልቀቅ ያውቃሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ያዋሳቸውን የእርጥበት መለኪያ በቦርሳቸው ይዘው ዞሩ። ጫኝ መኪና ሲመጣ መለኪያውን ጆንያው ውስጥ እንደ ሐኪም እየወጉ «ደረቅ ነው» የሚለውን አቅራቢ ቁጥሩን ያሳዩታል። አቅራቢው ከእትዬ ጠይባ ጋር መከራከር ለምዷል፤ ከመሣሪያ ጋር መከራከር ግን አልለመደም።

እንዲህ እያለ ሐምሌ ገባ።

የክረምቱ ጭነት መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ደረሰ። ሌላ ጭነት አልነበረም፤ እስከ ጥቅምት ድረስ የሚሠሩት በእሱ ነው። አሰጡት፣ አገላበጡት፣ ለዩት። ሀብተ ወልድ የዚያን ናሙና ውጤት በስልክ አልነገራቸውም፤ ራሱ ይዞ መጣ። ገና ከበሩ ሲያዩት ገባቸው።

«ቁጥሩ ጨመረ?»

«ከመጀመሪያውም ይበልጣል እትዬ።»

በዚያው ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ከክፍለ ሀገር የመጣ ጅምላ ገዢ ነበር። ምርመራ የማይጠይቅ፣ ዛላውን እንዳለ የሚወስድ ሰው ነው። ሀብተ ወልድ ይህን ሲያይ ሳይዘገይ ተናገረ። የተለየው ተለይቷል፣ የቀረው ቢታጠብም ቢደርቅም ከውስጡ መርዙ አይወጣም አላቸው። ሰው ቢበላው ምን ይሆናል ብለው ጠየቁት። አልዋሻቸውም።

«ዛሬ ምንም አይሆንም። ነገም ምንም አይሆንም። ቀስ እያለ ጉበት ነው የሚጨርሰው። ማን እንዳበላው ማንም አያውቅም።»

እትዬ ጠይባ ጆንያዎቹን ዝም ብለው አዩ። ገዢው ዝምታቸውን እንደ ስልት ቆጥሮ ኖሮ በራሱ ጊዜ ዋጋውን ጨመረ። እትዬ ጠይባ አፋቸውን ሳይከፍቱ ዋጋ ሲጨመርላቸው ያ የመጀመሪያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። እሳቸው ዘወር ብለው ዕቃው የሚሸጥ አይደለም አሉት፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። አፍራ የቆሻሻ መኪና እንድትጠራ አዘዙ። አንሺዎቹ መጥተው ክፍያ ጠሩ። እትዬ ጠይባ የጠሩትን ከፈሉ።

ወሬው በአንድ አፍታ በረንዳውን አዳረሰ። የጣሉት በርበሬ አይደለም ሰውን ያስደነገጠው፤ ሳይከራከሩ መክፈላቸው ነው። ጎረቤት ነጋዴዎች እየተከታተሉ አመማቸው ወይ እያሉ መጡ። አፍራ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

ሀብተ ወልድ ከዚያ ወደ ቤቱ አልሄደም። ቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ የኢንጂነሪንግ መምህር የሆነውን ባልደረባውን መስፍንን ቢሮው አገኘው። የበርበሬ ማድረቂያ ንድፍ እንዲሠራለት ከጠየቀው ወራት አልፈዋል። መስፍን እንደወትሮው፣ ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ እናየዋለን አለው። ሀብተ ወልድ ከወንበሩ አልተነሳም። ከክረምቱ በኋላ አይሆንም አለው። መስፍን ሥራ እንደበዛበት ሲነግረው ያንተን ፈተና እኔ አርምልሃለሁ አለ። ሀብተ ወልድ ባላጋራውን እንዲህ ሲይዝ አይቶ የማያውቀው መስፍን ግራ ገብቶት ወረቀት አወጣ።

ማድረቂያው የተሠራው ምን አለሽ ተራ፣ ከበርሜል ቆርቆሮ ምድጃ በሚሠራው በይመር እጅ ነው። ፀሐይ ሲኖር በፀሐይ፣ ደመና ሲሆን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ በርበሬው በወንፊት መደርደሪያ ላይ ተሰጥቶ አየር የሚነፍስበት ትልቅ ሣጥን ነው። የመስፍን ንድፍ ከውጭ የሚመጣ ማራገቢያ ይጠይቅ ነበር። እትዬ ጠይባ ዋጋውን ሰምተው የንድፉን ወረቀት አንስተው እንደ ማራገቢያ ራሳቸውን አራገቡበት። ይመር ከተጣለ መኪና ራዲያተር የወጣ ማራገቢያ አለኝ አለ። መስፍን አስልቶ ይሆናል፣ ግን ሦስት ያስፈልጋል አለ። እትዬ ጠይባ አንድ ይበቃል አሉ። ይመር አስታራቂ ሆኖ ሁለት አለ። ሁሉም ወደ ሀብተ ወልድ ዞሩ።

«እርስዎን ሁለት ያስደስትዎታል እትዬ» አለ። «በርበሬውን ግን ሦስት ነው።»

እትዬ ጠይባ ከት ብለው ሳቁና ለይመር፣ ይሄ ልጅ እየተማረ ነው አሉት። ሦስት ሆነ።

ጥቅምት ላይ አዲሱ ጭነት ውሃ ሳይነካው መጣ፣ ተለየ፣ ማድረቂያው ውስጥ ገባ፣ ርብራብ ላይ ተቀመጠ። የናሙናው ውጤት የሚነገር ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ እትዬ ጠይባ፣ አፍራና አንዲት የቀንጣሾቹ አለቃ ነበሩ። ቁጥሩ ከሚፈቀደው በብዙ በታች ሆነ። አፍራ አለቀሰች። ቀንጣሿ አላህን አመሰገነች። እትዬ ጠይባ ወረቀቱን ጠጋ አድርገው አዩና ከዚህ በታች አይወርድም ወይ ብለው ጠየቁ። በቂ ነው ቢላቸው፣ በቂ መሆኑንስ አይቻለሁ፣ የጠየቅሁህ ይወርዳል ወይ ነው አሉት።

ወረደ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወረደ።

ሱፐርማርኬቱ ተመለሰ፤ ቀጥሎ ሌላም ጨመረ። ቀንጣሾቹ ሁሉም ገቡና አዳዲሶችም ተቀጠሩ፤ አንዷ የእርጥበት መለኪያውን የምትይዝ ባለሙያ ሆነች። አፍራ የምርመራውን ቁጥር በፓኮው ላይ ማሳተም ጀመረች። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለልምምድ እየመጡ ዘር የሌለበትና ሽሮ ውስጥ የሚገባ ሌላ ዓይነት በርበሬ አብረው አወጡ። ለነዚህ ተማሪዎች እትዬ ጠይባ የሚሰጡት ትምህርት በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የለም።

ሀብተ ወልድ ያልጠበቀው ከዚያ የመጣው ነው። አንድ ማለዳ ቢሮው ሲደርስ በሩ ላይ የበርበሬ በረንዳ ሴቶች እያንዳንዳቸው ናሙና በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ፊት ፊት እትዬ ጠይባ ናቸው። የመጡት ሴቶች ከእሳቸው ገበያ የሚሻሙ ናቸው፤ ከአንዷ ጋርማ ለዓመታት አይነጋገሩም ነበር። ጥበቡን ለራሳቸው ይይዙታል ብሎ ነበር የጠበቀው። ይህንኑ ቀስ ብሎ ሲጠይቃቸው ተገረሙ።

«የእኔ ፓኮ ብቻ ቢጸዳ ሰው የበረንዳውን በርበሬ ይፈራል። የተፈራ ሰፈር ውስጥ ንጹህ ሆኜ ልቀመጥ?»

ከዚያ ስለ ሴቶቹ መከራከር ጀመሩ። አልሳቁም። ምርመራው ለሁሉም ይድረስ፣ መለኪያው ይጨመር፣ ማድረቂያውን በኅብረት እንሠራለን፣ ንድፉን ስጡን አሉ። ሀብተ ወልድ ይህን ይዞ ወደ አለቆቹ ወጣ። ብዙ ደረጃ ነበረው፤ በየደረጃው አይሆንም ነበር። አይሆንም ሲሉት እዚያው ይቆይ ጀመር። በመጨረሻ ሆነ።

የእትዬ ጠይባ ጉዳይ እንዲህ በመልካም ተዘጋና ለሀብተ ወልድ ሌላ ባለ ሥራ ተመደበለት። መሳለሚያ አካባቢ ሳሙና የሚሠራ ዛኪር የሚባል ወጣት ነው፤ ሳሙናው እየተሰነጠቀ አስቸግሮታል። ዛኪር ጨዋ ነው። የተባለውን ሁሉ በአክብሮት ሰማ። ቅባቱን መዝን ሲሉት እሺ፣ ሙቀቱን ለካ ሲሉት እሺ፣ ለማድረቅ ጊዜ ስጠው ሲሉት እሺ ዶክተር አለ። ሀብተ ወልድ በሕይወቱ ያልገጠመው ምቹ ሥራ ነበር። በሳምንቱ ሲመለስ ሳሙናው ተሰንጥቋል፤ ቅባቱን የሚመዝንበት ሚዛንም ከካርቶኑ አልወጣም። ደግሞ አስረዳው። እሺ ዶክተር አለው።

ከዛኪር ቤት ወጥቶ ሚኒባስ ሊይዝ ሲል እግሩ ወደ በርበሬ በረንዳ ወሰደው። የሚወስደው ናሙና አልነበረም። እትዬ ጠይባ ከአንድ ተሸካሚ ጋር በክፍያ ተያይዘው ነበርና እስኪጨርሱ ቆመ፤ ቆሞ ሲሰማ ደረቱ ቀለል እንዳለው ተሰማው። በርጩማ ሰጡትና ፊትህ ምን ሆኗል አሉት። የዛኪርን ነገር ነገራቸው። ሰውዬው አንድም ጊዜ አልተቃወመኝም፣ እሺ ብቻ ነው የሚለኝ፣ ምን ላድርግ አላቸው።

«እሺ ያለህ ስላላመነህ ነዋ» አሉት። «ሰው የሚከራከረው ለሚገዛው ዕቃ ነው። ላልፈለገውማ ምን አደከመው?»

 ያ ሁሉ ግማሽ ውሃና ሩብ ውሃ፣ የመሣሪያው ዕድሜ፣ የግድግዳው ጥግ ጆንያ ለሀብተ ወልድ ትዝ አለው። አንድም ቀን የናቁት አልነበሩም። ከመጀመሪያይቱ ሰዓት ጀምሮ ሊገዙት ነበር የሚከራከሩት።

እትዬ ጠይባ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ። መጋዘኑን ለአፍራ አደራ ሰጡና ይሄ ዛኪር የሚባለው ልጅ የት እንደሆነ አሳየኝ አሉት። ሀብተ ወልድ መንገዱን ሊመራ ቢያስብም ቀድመውት ወጡ። በጋሪና በተሸካሚ መሃል ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረጉ ወደ መሳለሚያ ሲገሰግሱ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። ለዛኪር አዘነለት፤ ትንሽም ቀናበት።